የፍሬን ዘይት ዘይት አይደለም፦ የጀልባ ሞተር ጥገና ማስታወሻ ከገላን

ታኅሣሥ 26፣ 2017፣ ቅዳሜ

ሞተሩ ዛሬ ጠዋት ከባቱ፣ ያው ከዝዋይ፣ ገባ። በሽንኩርት አይሱዙ ላይ ተደርቦ ስለመጣ ግቢው በሙሉ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። ለጭነት 2,500 ብር፣ ላወረዱት ልጆች 400።

የአጎቴ ሞተር ነው። ያማሃ፣ 40 ፈረስ ጉልበት፣ ባለ አራት ምት። ሐይቁ ላይ ሰውና ዕቃ ወደ ደሴቶቹ ያመላልስበታል፣ ሲመች ዓሣም ይጭንበታል። እኔ የጀልባ መካኒክ አይደለሁም። ሥራዬ ጄኔሬተርና የውሃ ፓምፕ ነው፣ ገላን፣ ግቢዬ ውስጥ ባለች የቆርቆሮ ጋራዥ። አጎቴ ግን "ሞተር ሞተር ነው፣ አንተ አያቅትህም" ብሎ ላከው። ሁዳዴ ሳይገባ ይድረስልኝ አለ። ሁዳዴ የሚገባው የካቲት 17 ነው፣ ዓሣ ደህና የሚሸጠውም ያኔ ነው። ሰባት ሳምንት አለኝ። ለሁለት ቀን ሥራ ሰባት ሳምንት ምን ያደርጋል ብዬ ነበር።

የሚሠራው፦ የሞተር ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የማርሽ ቤት ዘይት፣ የውሃ ፓምፑ ኢምፔለር (ውሃውን እየዞረ የሚገፋው ጎሚኒ)። አጎቴ "ማንሻውም ሰነፍ ሆኗል" ብሎኛል።

ማንሻው ምን እንደሆነ ላልገባው፦ እንዲህ ያለ ሞተር የሚሠራው ከጀልባው ኋላ ተንጠልጥሎ ነው። ቁልፉን ሲጫኑት አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ፓምፕ ያዞራል፣ ፓምፑ ዘይት ይገፋል፣ ዘይቱ ጃኩን ይገፋል፣ ሞተሩ ወደ ላይ ይነሳል። ልክ እንደ ሎደር ጃክ፣ አነስ ብሎ። ዝዋይ ላይ ይሄ ቅንጦት አይደለም። ሐይቁ በአማካይ ሁለት ሜትር ተኩል አካባቢ ነው ጥልቀቱ፣ ዳር ዳሩ ጭቃና ፊላ ነው። ማንሻ ከሌለ ፕሮፔለሩ ጭቃ ሲያርስ ይውላል።

ዛሬ የሞተር ዘይቱን፣ ፊልትሮውንና ሦስቱን ካንዴላ ቀየርኩ። 5,450 ብር። የወጣው ዘይት ጥቁር ነው እንጂ ውሃ የለበትም፣ ደህና ነው። የማርሽ ቤቱ ግን ቡሎኑ ሲፈታ የወጣው የማኪያቶ መልክ ያለው ነገር ነው። ውሃ ገብቶበታል።

ታኅሣሥ 27፣ እሁድ

የማርሽ ቤቱ ምክንያት ተገኘ። ፕሮፔለሩን ሳወጣው ከኋላው ዘንጉ ላይ የመረብ ክር ተጠምጥሟል። ክሩ እየዞረ ፓራሊዮውን፣ ዘይት እንዳይወጣ ውሃ እንዳይገባ የሚዘጋውን ጎሚኒ፣ በልቶታል። ክሩን በካራ ቆራርጬ አወጣሁት፣ ግማሽ እፍኝ ይሆናል። ሁለት ፓራሊዮ 900፣ አንድ ሊትር የማርሽ ቤት ዘይት 950።

እዚህ ላይ ትንሽ ተሸወድኩ። ዘይቱን እንደ መኪና ካምቢዮ ከላይ ልሞላው ሞከርኩ፣ አየር ይዞ እምቢ አለ። ከታች ባለው ቀዳዳ ነው የሚሞላው፣ ከላይኛው ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ፣ ከዚያ መጀመሪያ የላይኛውን ዘግቶ ቀጥሎ የታችኛውን። የዘይት መግፊያ ፓምፕ ከሌለ በትልቅ ሲሪንጅ ይሆናል። ኢምፔለሩ አንድ ሰዓት አልፈጀም።

ከሰዓት ወደ ማንሻው ሄድኩ። ሞተሩን ወደ ላይ ሲጫኑት ይንቀጠቀጣል፣ ግማሽ ላይ ደርሶ ያቃስታል። ታንኩን ከፈትኩት፣ ዘይት ጎድሎታል። ውስጡ ያለው ቀይ ነው። ቀዩ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እንደሆነ አውቃለሁ፣ መደብር ግን እሁድ ዝግ ነው፣ አንድ ሊትር ደግሞ 1,100 ብር ነው። መደርደሪያዬ ላይ ለቪትዝ መኪናዬ ገዝቼ የተረፈኝ ዶት 4 የፍሬን ዘይት አለ። እንዲህ አሰብኩ፦ ፍሬን ሃይድሮሊክ ነው፣ ይሄም ሃይድሮሊክ ነው፣ እሱም ዘይት ይሄም ዘይት፣ እንዲያውም የፍሬኑ የተሻለ ጥራት ያለው ነው። ሞላሁት። ሩብ ሊትር ወሰደ።

ሦስት አራት ጊዜ ወደ ላይ ወደ ታች አደረግኩት። እንደ አዲስ ሆነ። ቪዲዮ ቀርጬ ለአጎቴ ላክሁ። "አላልኩህም!" አለኝ።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

ሥራ የለም። ለበጉ ቢላ ልፈልግ ጋራዥ ስገባ ከማንሻው ሥር አንዲት ጠብታ አየሁ። ስሞላ የፈሰሰችው ናት ብዬ በጨርቅ ጠረግኳት። ጨርቁ ላይ የሞተሩ ግራጫ ቀለም አብሮ መጣ። ቀለሙ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተልጧል። ያን ቀን መንቃት ነበረብኝ። ዘይት ቀለም አይልጥም። የትኛውም ዘይት። እኔ ግን ቀለሙ አርጅቶ ነው ብዬ ወደ በጉ ሄድኩ።

ጥር 3፣ ቅዳሜ

ሞተሩን አርብ ማታ ወደ ላይ አንስቼው ነበር ያደርኩት። ጠዋት ወርዷል። ምን ያህል እንደሚወርድ ለማወቅ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጌ እንደገና አነሳሁት። በስድስት ሰዓት ውስጥ 11 ሳንቲሜትር ወረደ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የእጅ መልቀቂያውን ነው። ከጎን በኩል ጠፍጣፋ ካቻቢቴ የሚገባበት ብሎን አለ፣ ባትሪ ሲሞት እሱን አላልተህ ሞተሩን በእጅ ታነሳለህ። ላልቶ ይሆናል ብዬ አጠበቅኩት። ለውጥ የለም። ታንኩን አየሁት፣ እንደገና ጎድሏል። ምን አደረግኩ? ያንኑ የፍሬን ዘይት ጨመርኩበት። ጠርሙሱ ውስጥ የቀረውን በሙሉ። ይሄን ስጽፍ እጄ ይተሳሰራል፣ ግን የሆነው እሱ ነው።

ጥር 4፣ እሁድ

ጠዋት ቁልፉን ስጫን የኤሌክትሪክ ሞተሩ ይጮሃል፣ ጃኩ ግን ሁለት ጣት ያህል ተነስቶ ይቆማል። ከዘንጉ ዙሪያ የሚያጣብቅ ነገር ይወጣል።

ጎረቤቴ ከቤተክርስቲያን ሲመለሱ ገቡ። ጡረታ የወጡ የሠራዊት መካኒክ ናቸው፣ ሰፈሩ ሻምበል ነው የሚላቸው። ነጠላቸውን ሳያወልቁ ጎንበስ ብለው አዩት፣ የወጣውን በጣታቸው ነክተው አሸተቱ።

"ምን ነው ያደረግህበት?"

"የፍሬን ዘይት፣ ሻምበል።"

ዝም አሉ። ከዚያ "እስቲ ውሃ በብርጭቆ አምጣ" አሉኝ። አመጣሁ። ከጠርሙሱ ጫፍ የቀረችውን የፍሬን ዘይት አንጠበጠቡበት። ጠብታዋ ሰመጠች፣ ትንሽ እንደ ጭስ ተጠመዘዘች፣ ከዚያ የለችም። ውሃው ውሃ ነው። ቀጥሎ ከሞተር ዘይት አንዲት ጠብታ። ላይዋ ላይ ክብ ሠርታ ተንሳፈፈች።

"አየህ ልጄ፣ የፍሬን ዘይት ዘይት አይደለም። ስሙ ነው ዘይት።"

እኔ በዚህ ሥራ 14 ዓመቴ ነው። ፍሬን ዘይት፣ ካምቢዮ ዘይት፣ ሞተር ዘይት፣ መሪ ዘይት ስል ኖሬያለሁ። እኛ መኪና ውስጥ የሚፈስ ነገር ሁሉ፣ ከውሃና ከነዳጅ በቀር፣ ዘይት ነው። ጠርሙሱን ገልብጬ አነበብኩት፣ ፍሉይድ ነው የሚለው። ዘይት የሚል ቃል የትም የለበትም።

ሻምበል ቡና እስኪደርስ አስረዱኝ። የፍሬን ዘይት ከግላይኮል ዘር ነው የሚሠራው። ፍሬን ይግላል፣ ስለዚህ የማይፈላ ነገር ይፈልጋል፤ ዶት 4 አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ መቻል አለበት። ውሃም ይገባበታል፣ ውሃው ደግሞ አንድ ቦታ ተጠራቅሞ እንዳይፈላ ፈሳሹ ራሱ ይመጠዋል። ለዚህ ነው ከፍተህ ያስቀመጥከው የፍሬን ዘይት የሚበላሸው። ፍሬን ውስጥ ያለው ጎሚኒ ደግሞ ኢፒዲኤም የሚባል ላስቲክ ነው፣ ከዚህ ፈሳሽ ጋር ይስማማል፣ ከማዕድን ዘይት ጋር ግን ያብጣል። የሃይድሮሊክ ጃክ ኦሪንግ፣ ያው የሚያሽገው የጎሚኒ ቀለበት፣ ግልባጩ ነው። ናይትራይል የሚባል ላስቲክ ነው፣ ማዕድን ዘይት ውስጥ ዕድሜ ልኩን ይኖራል፣ ግላይኮል ውስጥ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ዶት 5 ብቻ ሲሊኮን ስለሆነ ሌላ ነገር ነው፣ 5.1 ተመልሶ ግላይኮል ነው። ማን እንዲህ ብሎ ስም እንደሚያወጣ እንጃ።

"እኔ ጋ በግልባጩ ነው የሆነው" አሉ። አንድ ሾፌር የዋዝ መኪና ፍሬን ላይ የሞተር ዘይት ጨምሮ፣ ጎሚኒው አብጦ፣ መኪናዋ ዳገት መሃል አራቱም ጎማ ይዟት ቆማለች። በመዶሻ ነው ያላቀቅናት አሉ። ከዚያ ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ።

ከጥር 5 እስከ 9፣ ማታ ማታ

ከሥራ በኋላ ሁለት ሁለት ሰዓት። መጀመሪያ ሞተሩን በፓራንኮ (በሰንሰለት ማንጠልጠያ) ያዝኩት፤ ጃኩ ሲፈታ ወደ 100 ኪሎ ብረት እግር ላይ ይወርዳል። ከዚያ ውስጡ ያለውን ሁሉ ወደ ማር ጠርሙስ አፈሰስኩ።

ጠርሙሱን ማታ መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። ጠዋት ሳየው ሁለት ቦታ ተከፍሏል። ከላይ ቀዩ፣ ከታች ቢጫው፣ መሃላቸው በቢላ የተቆረጠ የሚመስል መስመር። ቀዩ ቀላል ነው፣ ቢጫው ከውሃም ትንሽ ይከብዳል። ሳወዛውዘው ሮዝ ወተት ይመስላል፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ተመልሶ ይለያያል። ጃኩ ውስጥ ከሳምንት በላይ ይሄ ነበር የሚዞረው። ባለቤቴ "ያ የማር ጠርሙስ የእኔ አይደለም?" አለችኝ። ነው።

ቀጥሎ ማጠብ። እንደልማዴ በነጭ ጋዝ አጠብኩት። ሦስት ጊዜ። ቀዩን ጠራርጎ አወጣው፣ የሚያጣብቀው ግን እንዳለ ቀረ፣ ቱቦውን በጣት ስነካው ይንሸራተታል። ግላይኮል በነጭ ጋዝ አይሟሟም፣ ያው ዘይት ውስጥ ካልተዋሃደ ነጭ ጋዝ ውስጥም አይዋሃድም። ይሄን ከብርጭቆው በኋላ ማወቅ ነበረብኝ፣ ሁለት ማታ አቃጠልኩበት።

የሠራው፦ በመጀመሪያ ለብ ያለ ውሃ ከኦሞ ጋር፣ ቀጥሎ አልኮል፣ ቀጥሎ ንፋስ። የእጅ ማጽጃ የሚሠሩበትን አልኮል 5 ሊትር በ1,500 አገኘሁ። ውሃ የነካው ብረት እንዳይዝግ ወዲያው መንፋት ነበረብኝ፣ መብራት ደግሞ የለም፣ ኮምፕረሰሬ ሞቶ ቆሟል። ዕቃውን በባልዲ ይዤ መንገድ ዳር ያለው ጎሚስታ ጋ ሄጄ በእሱ ናፍጣ ኮምፕረሰር አስነፋሁ። 200 ብር። "ይሄ የምን መኪና ነው?" አለኝ። "የጀልባ" ስለው የቀለድኩበት መሰለው። ገላን ላይ ቆሞ ጀልባ ማለት ያው ነው።

ከጥር 10 እስከ 12

ከተራ፣ ጥምቀት፣ ቃና ዘገሊላ። ጋራዥ ዝግ።

አጎቴ ደወለ። ለጥምቀት ወደ ደሴቶቹ የሚሄድ ሰው ብዙ ነበር፣ የሰው ጀልባ ተከራይቶ ነው የሠራው። "ዕቃ እየጠበቅኩ ነው" አልኩት። ውሸት ነው ማለት አይቻልም። እውነትም አይደለም።

ጥር 17 እና 18

የጃኩን ክዳን መፍታት። ክዳኑ ክብ ነው፣ ላዩ ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ አለው፣ የሚፈታው ሁለት ጥርስ ባለው መፍቻ ነው። እኔ ጋ የለም። ቅዳሜ በፑንቶና በመዶሻ ልመታው ሞከርኩ፣ ፑንቶው አምልጦ አንዱን ቀዳዳ ጫፉን ጎረደው። እዚያው ላይ አቆምኩ። እንኳን አቆምኩ፣ ክዳኑ አሉሚኒየም ነው፣ ቀዳዳው ሙሉ ለሙሉ ከተበላ ወደ ቶርኖ ቤት መሄዴ ነበር።

እሁድ ብየዳ ቤት ሄጄ ላሜራ ላይ ሁለት ጠንካራ ብሎን አስበየድኩ፣ በቀዳዳዎቹ ርቀት ልክ፣ ጫፋቸውን በመሞረጃ አስተካክዬ። 600 ብር። ርቀቱን በካርቶን ላይ ወግቼ ነው የወሰድኩት፣ ሜትር አልጠቀምኩም፣ በመጀመሪያው ልክ መጣ። ክዳኑን በጋለ ውሃ ጨርቅ ካሞቅሁት በኋላ በአንድ ሜትር ቧንቧ አስረዝሜ ፈታሁት። ጥርስ እንደሚነቀል ያለ ድምፅ አለው።

ኦሪንጎቹን አወጣሁ። ይሄን ያየ ሰው ሁለተኛ አይሳሳትም። የፒስተኑ ኦሪንግ ከጉድጓዱ ወጥቶ እንደ ዳቦ ሊጥ ተነፍቷል። ውፍረቱ 3.5 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው በካሊፐር 4.1 ሆነ፤ ካሊፐሩም ራሱ ስለሚጫነው ትክክሉ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል። በጥፍር ስጫነው ምልክቱ ይቀራል። ጣቴ ጠቆረ፣ በሳሙናም አልለቅ አለ። ለማነጻጸር ከሳጥኔ አዲስ ኦሪንግ አወጣሁና ጎን ለጎን አስቀመጥኩት። የተነፋው በዓይን ይለያል። ማንሻው በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደ አዲስ የሆነበት ምክንያትም ይሄ ይመስለኛል። ያረጀው ኦሪንግ ትንሽ ሲያብጥ ክፍተቱን ዘጋው። ማበጡን ቀጠለና ብረቱ ላይ መፋቅ ጀመረ፣ ተቀደደ፣ ማፍሰስ መጣ።

አንድ ነገር ደግሞ። ቫልቩን ስፈታ አንዲት የብረት ኳስ፣ የስንዴ ፍሬ የምታክል፣ አምልጣ ወደ አፈሩ ገባች። አርባ ደቂቃ። በመጨረሻ ከአሮጌ ስፒከር ባወጣሁት ማግኔት አፈሩን እየጠረግኩ አገኘኋት። ከሷ ጋር ስድስት ምስማርና የበር ቁልፌ ወጡ። የበሩን ቁልፍ በነሐሴ ነበር የጣልኩት።

ጥር 24፣ ቅዳሜ

የሲል፣ ያው የማሸጊያ ጎሚኒ፣ ፍለጋ። ጠዋት ሶማሌ ተራ ገባሁ። የጀልባ ስል ሰው ይስቃል። ሁለተኛው ሱቅ ላይ ጀልባ ማለቴን ትቼ "የጃፓን ኤክስካቫተር ኦሪንግ አላችሁ?" አልኩ። ጨዋታው ተለወጠ። የጃፓን ማሽን ኦሪንግ ፒ በሚል ፊደል ነው የሚጠራው፣ ቁጥሩ ልኩን ይናገራል፣ ውፍረቱም የታወቀ ነው፦ ትንንሾቹ 1.9፣ መካከለኞቹ 2.4፣ ከ22 በላይ እስከ 50 ያሉት 3.5 ሚሊ ሜትር። ያማሃም፣ ኤክስካቫተር የሚሠራው ኮማትሱም ጃፓን ናቸው፣ ኦሪንግ ኦሪንግ ነው። እዚህ አገር ኤክስካቫተር ሞልቷል። ቃሊቲ ወርጄ የማሽነሪ ሲል የሚሸጥ ቤት ውስጥ የሁሉንም ልክ አገኘሁ። ሻጩ ልጅ ያበጡትን አይቶ "ምን ውስጥ ነው የዘፈዘፍካቸው?" አለኝ። 18 ኦሪንግ፣ ትርፍም ጨምሮ፣ 1,900 ብር። ታክሲና ምሳ 700።

የገዛሁት ናይትራይል መሆኑን ሦስት ጊዜ ጠየቅኩ። አሁን እንዲህ ነኝ።

ያልተገኘው የዘንጉ ሲልና ላዩ ላይ ያለው አቧራ ጠራጊ ነው። እነሱ ተራ ኦሪንግ አይደሉም፣ ቅርጽ አላቸው። ቶርኖ ቤት ከፖሊዩሬቴን ላውጣልህ ብሎኝ ነበር። ለሎደር ቢሆን እሺ እል ነበር፣ ለዚህ ቀጭን ዘንግ አልደፈርኩም። ከዱባይ ዕቃ የምታመጣ የባለቤቴ ዘመድ ነበረች፣ የመለዋወጫውን ቁጥር ላክሁላት፣ 8,700 ብር ሁለቱ። አንድ ጎሚኒ በዚህ ዋጋ ምን ተአምር ይሠራል አልኩ እንጂ አዘዝኩ።

የካቲት 1 እና 2

ሲሎቹ ሐሙስ ገቡ። ቅዳሜ ገጠምኩ። እያንዳንዱን ኦሪንግ ቀዩ ዘይት ውስጥ ነክሬ፣ ጠርዝ እንዳይቆርጠው ዘንጉ ላይ ቀጭን የውሃ ኮዳ ፕላስቲክ ጠቅልዬ። ክዳኑን በሠራሁት መፍቻ አጠበቅኩት፣ የተጎረደው ቀዳዳ ቻለ።

አሁን ትክክለኛው፣ ቀዩ የካምቢዮ ዘይት፣ ደክስሮን የሚባለው። አራት ሊትር ገዛሁ፣ 4,400 ብር። ለምን አራት? መያዣው ግማሽ ሊትር አካባቢ ነው የሚይዘው፣ ግን በመጀመሪያው ሞልቼ ወደ ላይ ወደ ታች አድርጌ አፈሰስኩት፣ የፍሬን ዘይት ርዝራዥ እንዳይኖር። የፈሰሰውን በየጊዜው በሻምበል ብርጭቆ ፈተንኩት፦ ውሃ ላይ አንጠብጥቤ፣ ውሃው ከደፈረሰ ገና ነው። ሦስተኛው ላይ ውሃው ጥርት ብሎ ቀረ፣ ዘይቱ ብቻ ተንሳፈፈ። አራተኛውን አስቀርቼ ዘጋሁ። መጠኑ የሚታየው ሞተሩ ሙሉ ለሙሉ ወደ ላይ ተነስቶ ነው፣ ወርዶ ካየኸው ትሸወዳለህ።

የጠመኔ ምልክት አድርጌ ተኛሁ። እሁድ ጠዋት 3 ሳንቲሜትር ወርዷል።

ያን ጊዜ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከቤት ሆና ባለቤቴ "ወረደ?" ብላ ጠየቀች፣ መልስ አልሰጠኋትም።

የካቲት 3፣ ሰኞ ማታ

ተገኘ። የእጅ መልቀቂያው ብሎን ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሿን ኦሪንግ አልቀየርኳትም ነበር። ብሎኑን ጥር ላይ አጠበቅኩት እንጂ አላወጣሁትም። እሷም አብጣለች፣ በብሎኑ ጥርስ ለሁለት ተቆርጣለች። ከትርፎቹ ውስጥ ልኳ ነበረች። አሥር ደቂቃ።

ማክሰኞ ጠዋት፦ ዜሮ። ረቡዕ ጠዋት፦ ዜሮ። ጠመኔውና ሞተሩ አንድ መስመር ላይ ናቸው።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

በበርሜል ማስነሳት። የውሃ ተራችን ሐሙስ ስለሆነ በርሜሉን ከዚያን ጊዜ ሞልቼ ነበር፣ ባለቤቴ ልብስ ልታጥብበት ፈልጋ ትንሽ ተነጋገርን። ፕሮፔለሩን አውጥቼ፣ የታችኛውን ክፍል ውሃው ውስጥ ነክሬ፣ ቁልፍ። በሁለተኛው ተነሳ። ከጎኑ ባለችው ቀዳዳ ቀጭን ውሃ መሽናት ጀመረ፣ አዲሱ ኢምፔለር ይሠራል ማለት ነው። የሰፈር ልጆች አጥሩ ላይ ተሰልፈው "ሸና! ሸና!" እያሉ ጮኹ። አሥር ደቂቃ በዝቅተኛ አዞርኩት። ከማንሻው ሥር ካርቶን አንጥፌ ነበር፣ ካርቶኑ ደረቅ ነው።

የስህተቱን ሒሳብ ደመርኩ፣ የጥገናውን ሳይጨምር፦ አልኮል 1,500፣ ንፋስ 200፣ መፍቻ 600፣ ኦሪንግ 1,900፣ ታክሲ 700፣ የዱባዩ 8,700፣ ቀይ ዘይት 4,400። 18,000 ብር። ያን እሁድ ሰኞን ብጠብቅ 1,100 ነበር።

የካቲት 9፣ እሁድ

ለአጎቴ ነገርኩት። ሁሉንም፣ የጥምቀቷን ውሸት ጭምር። ስልኩ ላይ ዝም አለ፣ ከዚያ "ታዲያ የፍሬን ዘይትም ዘይት ነው እኮ" አለኝ። ብርጭቆ ውሃ አምጣና ሞክር አልኩት። 18,000ውን እኔ እችላለሁ አልኩ። ግማሹን ልክፈል አለ፣ እምቢ አልኩ፣ ገና እየተከራከርን ነው።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ሞተሩ ሐሙስ ባቱ ደረሰ፣ በባዶ ተመላሽ አይሱዙ፣ 2,000 ብር። ዛሬ ከሰዓት አጎቴ ከሐይቁ ላይ ደወለ፣ ንፋሱ ድምፁን ይበላዋል። ሁለት ጊዜ ደሴት ደርሶ ተመልሷል። ፊላው ጋ ሲደርስ ያነሳዋል፣ ወዲያው ይነሳል፣ እዚያው ይቆማል አለ። ሞተሩ ማታ ተነስቶ እንዲያድርና ጠዋት በክንዱ እንዲለካው ነገርኩት።

የቀረ ሥራ፦ የተላጠው ቀለም። ለጊዜው ሌላ ቀለም ቀብቼዋለሁ፣ ግራጫውን አላገኘሁም፣ ለክረምት ይቆይ። ሞተሩ 50 ሰዓት ሲሠራ የማርሽ ቤቱን ዘይት ከፍቶ ማየት፣ ማኪያቶ ከሆነ ፓራሊዮው በደንብ አልገባም ማለት ነው። ለቪትዟ አዲስ የፍሬን ዘይት ገዝቻለሁ፣ የድሮው ጠርሙስ ባዶ ነው። የማር ጠርሙሱ ግን እንዳለ መስኮቱ ላይ ነው፣ ቀዩ ከላይ ቢጫው ከታች፣ ሻምበል ለልጃቸው ሊያሳዩት ነገ ይወስዱታል።